ስድስት ባልዲ ነጭ ቀለም

በሰው አገር የምነግድባት ከተማ አስተዳደር የሥዕል ሙዚየም ዋናው ንያኩሮን ሰፈር ነው፤ ቅርንጫፎቹ ደግሞ ማላኪያና ካስተም። የካስተሙ ከቀለም መሸጫ ሱቄ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ልጄ ሰሚሃ ሦስት ዓመት ስትሠራበት እኔ አንድ ቀን ረግጬው አላውቅም። «ሥዕልም ሥራ ሆነና» እያልኩ አንገቷን አስደፋኋት። አንድ ግድግዳ ሙሉ ስላ ስትጨርስ «አባ፣ ናና እየው» ብላኝ ነበር። ጭነት እያራገፍኩ ነው አልኳት። ግትር ነኝ፣ ምን ይደረግ።

ባለፈው ዓመት ወባ ልጄን ወሰደብኝ።

ዓመቷ ሊሞላ ሲል በስሟ ሶደቃ ላወጣ አሰብኩ። የቅርንጫፉን የውጭ ግንብ ዝናብ ልጦት ስለነበር ሃያ ባልዲ ነጭ ቀለም ላክሁ። ከሳምንት በኋላ የቅርንጫፉ ኃላፊ ኤልሮኢ ደወለ። አዲስ አበባ ያደገ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል።

«ጋሼ ሱሌይማን፣ ውጩ አልቋል። ስድስት ባልዲ ተርፏል፤ ልመልስልዎት?»

«ሶደቃ ተብሎ የወጣ ነገር ወደ ቤት ይመለሳል እንዴ? ውስጡንም ቀቡት።»

«ውስጡን በሙሉ?»

«በሙሉ አልኩህ እኮ።»

«እሺ» አለኝ። ደንበኛ ቆሞብኝ ስለነበር ቶሎ ዘጋሁት።

ዓመቱ የሞላ ዕለት ባለቤቴን ኑርያን «ነይ፣ ግድግዳዋን አሳዪኝ» አልኳት። በየሳምንቱ እየሄደች ሥዕሉ ፊት ትቀመጥ እንደነበር ያኔ ነገረችኝ። ሙዚየሙ ለእድሳት ከተዘጋ ወዲህ ናፍቋታል። ከፊቴ ከፊቴ እያለች ሄደች።

ገባን። አራቱም ግድግዳ ነጭ ነው። ኑርያ ክፍሉን የተሳሳተች መስሏት ወጥታ እንደገና ገባች። ኤልሮኢ በሩ ላይ አቀርቅሯል።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ ጋሼ» አለኝ። «ማየቱ ከብዶዎት መስሎኝ ነው። ድሮም ሥዕሏን አይወዱትም ነበር። ደግሜ ጠየቅኩዎት።»

ጠይቆኛል።

«ምን ነበር የሳለችው?» አልኳት ኑርያን።

ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች።

«አንተን» አለች። «ሱቁ በር ላይ ተቀምጠህ፣ ከሷ ጋር ስትስቅ።»

ከልጄ ጋር የሳቅኩበትን ቀን ባስብ ባስብ አጣሁት።