የኔታ በእንግሊዝኛ ሲሞቱ

ፀደንያና እኔ የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ሽምብጥ ሰፈር ባለው ግቢያችን እሷም ተከራይ፣ እኔም ተከራይ። እሷ ኮሌጅ ታስተምራለች፤ እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ላይ ነኝ። ጣናን የወረረውን እንቦጭ እንድታጠና ሆላንድ የትምህርት ዕድል ሰጥተዋታል። የቀራት የእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ ነው፤ የተፈለገውን ውጤት ካላመጣች ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ፈተናው ታዲያ ከሰው ጋር አይደለም። ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፣ ተፈታኙ በማይክሮፎን ለኮምፒውተሩ ይመልሳል፣ ሰዓቱ እየቆጠረ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ስለዚህ ሥራ ከመግባቷ በፊት በሯን ዘግታ ጧት ጧት ትለፈልፋለች።

«ቤትሽ ፈረንጅ ገባ እንዴ?» እላታለሁ ቧንቧው ዘንድ ስንገናኝ።

«በገባልኝ እትየ። ፊት ያለው ነገር ቢሆን እኮ አልፈራም ነበር።»

እኔ የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ነው። ከምትለፈልፈው ብዙው ያመልጠኛል። «ማይ ፋዘር ዳይድ» ግን አያመልጠኝም፤ አባቴ ሞተ ማለት ነው። አንድ ጧት ሰማሁት። በማግሥቱ ደገመችው፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ቃሉን አስረዝማ።

አባቷ የኔታ ገብረ ኪዳን ጣና ዳር ዘጌ ነው የሚኖሩት፤ ቄስ ናቸው፣ የድጓ ዜማ ያስተምራሉ፤ እኔንም ከድሮ ያውቁኛል። ፀደንያ ልጅ ሳለች እናቷ ስላረፈች አባትም እናትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ታዲያ እኒህ ሰው ሞተው ይቺ ልጅ ለፈረንጅ ትናገራለች፣ ለእኛ ትደብቃለች። ፈተናው እንዳይበላሽባት ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ ይዛው ነው ብዬ አሰብሁ። አዘንሁላት፤ ተቀየምኋትም።

የእድራችን ትልቅ ለሆኑት ለእማማ ወለተ ሚካኤል ነገርኋቸው።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«በጆሮዬ ነው የሰማሁት እማማ።»

«ታዲያ ብቻዋን ልታለቅስ ነው? እኛ ጎረቤት የተባልነው ለምንድን ነው?»

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ሴቶቹ ተሰበሰብን። ነጠላችንን አዘቅዝቀን በሯ ላይ ስንደርስ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከፈተችልን። እማማ ወለተ ሚካኤል ደረታቸውን መቱና «የኔታን! የዘጌውን መምህር!» ብለው ጀመሩ። እኛም ተቀበልናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ። እኛ ታውቃለች ብለን ልናስተዛዝናት ሄድን። እሷ ደግሞ ልናረዳት የመጣን መሰላት። ፊታችንን ተራ በተራ አየች። «አባየ?» አለች። ከዚያ መሬት ወደቀች። ሁለት ሆነን ብንይዛትም ከእጃችን ታመልጣለች፤ ጉንጯን በጥፍሯ ሞነጨረችው።

ልቅሶዋ አዲስ ነው። የሰነበተ ሐዘን እንዲህ አያለቅስም።

«ፀዲ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ስትናገሪ የሰነበትሽው?» አልኋት ጆሮዋ ሥር።

«ምኑን?»

«ማይ ፋዘር ዳይድ።»

ልቅሶዋ ቆመ። ከደረቴ ቀና ብላ «ልምምድ ነው እኮ እትየ» አለች። «ለፈተናው ነው።»

እማማ ወለተ ሚካኤል የተዘቀዘቀ ነጠላቸውን ቀስ ብለው ገለበጡ። አንዷ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። ፀደንያ ግን አልሳቀችም። ስልኳን አንስታ ደወለች፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች፤ አሁንም አይነሳም። «ሞት ጠርቼባቸው ነው» አለች። «በአፌ ነው የጠራሁባቸው።»

ብቻዋን አልሰደድኋትም፤ ፈረቃዬ ከሰዓት ነበር። ወደ ዘጌ በሚሄደው ጀልባ ገባን። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፣ እሷ ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች። ነገሩን የነገረችኝ እዚያ ነው። ፈተናው ላይ ሕይወትህን የለወጠ ነገር ተናገር የሚል ጥያቄ ይመጣል። መጀመሪያ የእናቷን ሞት ሞከረች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ እንባዋ እየቀደማት ሰዓቱ ያልቅባታል። ስለዚህ ከኢንተርኔት ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የአባት ሞት አገኘችና በቃሏ ያዘችው።

«ያልሆነ ነገር ስለሆነ አያስለቅሰኝም እትየ። ይፈስልኛል።»

ከዘጌ ልጅ ምን ይጠበቃል? ከተወለደች ጀምሮ የሰማችው ዜማን በቃል ሲይዙ ነው። እንግሊዝኛውንም እንደ ድጓ ነው የያዘችው።

ከወደቡ ወደ ላይ በቡና ዛፎቹ መሐል ያለውን የእግር መንገድ ሮጠችው፤ እኔ እያለከለክሁ ተከተልኋት። የኔታ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተማሪዎቻቸውን ያስጠናሉ። ሲያስተምሩ የስልካቸውን ድምፅ ያጠፉታል። እግራቸው ላይ ስትወድቅ ፊቷን በሁለት እጃቸው አነሱት።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተ?»

እሷ መናገር አቃታት። እኔም ምን ላድርግ።

«እርስዎ ነዎት የኔታ» አልሁ።

«መቼ?»

«ሰሞኑን ነው። በእንግሊዝኛ።»

ሁሉንም ነገርኋቸው። ተማሪዎቹን ራቅ አደረጓቸውና «በእኔ ላይ ያጠፋሽውን ይቅር እላለሁ» አሏት። «ግን ያልሰማሁትን እንዴት ይቅር እላለሁ? በአማርኛ በይልኝ።»

«አባየ፣ አይሆንም።»

«በይልኝ።»

እንዳጎነበሰች ጀመረች፦ አባቴ ደግ ሰው ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ቀይ ብስክሌት ገዛልኝ። እሑድ እሑድ መናፈሻ ይወስደኝ ነበር። አንድ ቀን ከቢሮ ሲመለስ መኪና ገጨው። አመሰግንሃለሁ ሳልለው ሄደ።

የኔታ ጺማቸውን ያዙ። «ብስክሌት ገዝቼልሻለሁ?»

«አልገዙልኝም።»

«ቢሮስ አለኝ?»

«የለዎትም።»

«እንግዲያ ሌላ ሰው ነው። ነፍስ ይማር» አሉ። ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ ሊሉ ነበር፤ መሐል ላይ ተውት። «እናትሽስ? እሷ እኮ የምር ሞታለች።»

«የእሷን ማለት አልችልም። ያስለቅሰኛል።»

«የእኔ አያስለቅስሽም።»

ቁጣ የለበትም፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት። እሷ «እንደሱ ማለቴ አይደለም» ብላ እግራቸውን ያዘች። እኔ ቡናውን ሳይ ቆየሁ፤ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ሌላ ነገር ፈልጊ» አሉ በመጨረሻ። «ብትንተባተቢም ያንቺን ተናገሪ።»

«እሺ አባየ» አለች። ጉልበታቸውን ስማ ቃል ገባች።

ከዚያ ወዲህ በግድግዳው የምሰማው ሌላ ሆነ። ስለ እንቦጩ፣ ስለ ዓሣ አጥማጆቹ፣ መጀመሪያ ስላስተማረችበት ቀን። መንተባተቧ ያሳዝን ነበር። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ትጀምረውና ሰዓቱ ጢጥ ይልባታል። አንዳንዴ ግድግዳውን መትቼ «ጎበዝ!» እላታለሁ፤ ምን እንዳለች ባይገባኝም።

አዲስ አበባ ሄዳ ተፈተነች። በተመለሰች ማግሥት ልብስ ሳሰጣ መጥታ የገመዱን ጫፍ ያዘች።

«መጣ እትየ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ያ ጥያቄ። ሌላውን ልናገር አፌን ከፈትሁ። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ አጠገቤ ያሉት ሁሉ ይለፈልፋሉ። ቦታውን ባጣውስ የሚል ነገር መጣብኝ። ከዚያ የወጣው እሱ ነው።»

«አባትሽ?»

«ከነብስክሌቱ። አንድም ቦታ አልተንተባተብሁም። እንባ እንኳ አልመጣብኝም።» ገመዱን ለቀቀችው። «ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ እኮ ነው።»

ብዙ ልላት እችል ነበር። ያልኋት ግን «ምሳ በልተሻል ወይ?» ነው።

ውጤቱ መጣ፤ አልፋለች። የንግግሩ ከሁሉም በልጧል። ግቢው እልል አለ፤ እማማ ወለተ ሚካኤል በዚያው ደረታቸውን በመቱበት በር ላይ ቆመው መረቁ። የኔታም ሎሚና ቡና በከረጢት ይዘው ሊመርቋት በጀልባ መጡ። ፀደንያ አጠገባቸው ብትቀመጥም ዓይናቸውን አታይም፤ ዳቦውን ትቆርሳለች፣ አትበላም።

«ታዲያ ምን ጠየቁሽ?» አሏት።

ቢላዋው ቆመ። እኔ ጥልቅ አልሁ፤ ማን እንደላከኝ አላውቅም።

«ስለ ሠርግ ነው የኔታ። አንድ የማይረሳሽ ሠርግ ንገሪን አሏት።»

ፊታቸው በራ። «እሰይ። የማንን ሠርግ ነገርሻቸው?»

ፀደንያ ወደ እኔ አየች። «የእትየ እናትዓለምን» አለች።

የእኔን ሠርግ የኔታ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ሥርዓተ ጸሎቱን ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ፀደንያ ያኔ አልተወለደችም።

ያነሱትን ብርጭቆ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና ወደ እኔ ዞሩ።

«እናትዓለም፣ አንቺም ልትፈተኚ ነው እንዴ?»

በሌላ ቀን ቢሆን ከሁሉም ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርሁ። ፀደንያ ቢላዋውን አኖረች።

«አባየ፣ ያን ነው ያልሁት» አለች። «ቃሌን አፈረስሁ። በእርስዎ ሞት ነው ያለፍሁት።»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ መቋሚያቸውን ፈለጉ። «የመጨረሻው ጀልባ እንዳያመልጠኝ» አሉና ተነሡ። እሷም ባዶውን ከረጢት አንስታ ተከተለቻቸው። እስከ ግቢው በር ድረስ ጎን ለጎን አልሄዱም። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው ከረጢቱን ተቀበሏትና፣ ባዶ እጇን ያዙት።

ልሸኛቸው ነጠላዬን ለብሼ ነበር። አልወጣሁም። የተቆረሰውን ዳቦ ሸፍኜ፣ እስክትመለስ በሯን ስጠብቅላት ቆየሁ።