የራዚያ ተማሪ

ሕይወት በኬሚስትሪ ሦስተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ዩኒቨርሲቲው የዓመቱን የላቀ ምርምርና ታናናሽ ተማሪዎችን የማብቃት ሽልማት ሰጣት። ምርምሯ ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያ የወሎዎቹን ሁለት ሐይቆች፣ የሐይቅንና የአርዲቦን ውኃ ምን እንደሚያደርገው ያጠና ነበር። ማብቃት የተባለው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር የመጡ የአንደኛ ዓመት ሴቶችን ቤተ ሙከራ ሰብስባ ማስጠናቷ ነው።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መድረክ ላይ «ለመሆኑ እንዲህ ማስተማርን ከማን ተማርሽው?» ብለው ጠየቋት።

«ከራዚያ ኑርዬ» አለች።

አዳራሹ ውስጥ ራዚያን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሕይወት የአርዲቦ ዳር ገበሬ ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ሐይቅ ከተማ፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ኑርዬ ግቢ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ እሑድ እሑድ ስንቋን ከቤት እያመጣች ትማር ነበር። ራዚያ የጋሽ ኑርዬ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን ሕይወት የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ፈተና ወድቃ ግቢው ውስጥ ስታለቅስ አገኘቻት።

«ማን ሞተብሽ?»

«ኬሚስትሪ አልገባ አለኝ። አገሬ ልመለስ ነው።»

«አይ አንች! ለዚህ ተብሎ ይለቀሳል? ነይ ግቢ።»

ራዚያ ውኃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ አወጣች። አንዱን «ይኼ ካርቦን ነው» ብላ አራት ስንጥር ሰካችበት፤ በየስንጥሩ ጫፍ ደግሞ ሌላ ሽምብራ። «ካርቦን አራት እጅ አለው፤ ባዶ እጁን መቀመጥ አይወድም። ይኸው፣ ሚቴን አልሽው።»

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት መልስ ሁልጊዜ አብረው ሆኑ። ራዚያ መልሱን ቶሎ አትነግራትም። «እስቲ ለኔ አስረጅኝ፤ ምንም እንደማላውቅ አርገሽ» ትላታለች። ሕይወት ስትሳሳት ዝም ትላለች፤ ሲገባት ግን ግቢው እስኪሰማ «ማሻአላህ!» ትላለች። በረመዳን ራዚያ ፆመኛ ስለሆነች የተሠራውን ሽምብራ ሁሉ ሕይወት ብቻዋን ትበላው ነበር። «ዛሬማ ስንት ሚቴን በላሽ!» እያለች ራዚያ ትስቅባታለች። አንዳንዴ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ወርደው ሐይቁ ዳር ይቀመጣሉ። ራዚያ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አባቷ ስለሚሰፉላት ነጭ ጋወን ታወራለች፤ ኪሱ ስንት እንደሚሆን ሳይቀር።

ራዚያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ጋሽ ኑርዬ ታመሙ። እጃቸው መቀስ መያዝ አቃተው። ከታናናሾቿ ለሥራ የደረሰ አልነበረምና ራዚያ ፈተናውን ሳትቀመጥ ሪያድ ለሰው ቤት ሥራ ሄደች። መጻሕፍቷን ለሕይወት ትታላት ነው የሄደችው። ሁለት ዓመት ያህል እየደወለች ቆየች፤ ከዚያ ስልኳ ጠፋ።

ከሽልማቱ በኋላ ሕይወት ሐይቅ ሄዳ አጠያየቀች። ራዚያ ከተመለሰች ሰነባብታለች፤ ዑበይዱላህ የሚባል ሰው አግብታ ውጫሌ የልጆች ልብስ ትሸጣለች አሏት። በማግስቱ ውጫሌ ወረደች። ራዚያ ገና ከሩቅ አወቀቻትና ሱቁን ጥላ ወጣች። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ።

ሕይወት መድረክ ላይ ያለችውን ስትነግራት ግን ራዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ለምን ስሜን ጠራሽ? አንች ስትማሪ እኔ የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ ነበር።»

ራዚያ ወደ ሱቁ አስገብታ አስቀመጠቻትና ቀጠለች።

«አንድ ቀን ማዳሟ በረኪናና አሲድ ባንድ ባልዲ አስደባለቀች። አብራኝ የምትሠራ የኢንዶኔዥያ ልጅ ነበረች፤ በሩን ዘግታ ስታጥብ ሳል ሰማሁ። ሽታው ሲደርሰኝ ክሎሪን መሆኑን አወቅኩት። አፌን በሻርፕ ሸፍኜ ጎትቼ አወጣኋት። አልሐምዱሊላህ፣ ዳነች። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ላለችው ሠራተኛ ሁሉ ምን ከምን እንደማይደባለቅ አስተማርኩ። ወላሂ፣ ያን ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር። አስተማሪ የሆንኩ መሰለኝ።»

ይኼን ብላ አለቀሰች። ሕይወትም አለቀሰች።

«በሚቀጥለው ወር የቅዳሜ ተማሪዎቼን ይዤ ከሐይቁ ለምርምር ውኃ ልቀዳ እመጣለሁ» አለች ሕይወት። «ይኼን ንገሪያቸው።»

«እኔ ምን ብዬ?»

«እንደነገርሽኝ አርገሽ።»

ራዚያ በቀጠሮው ቀን መጣች። ልጆቹ ውኃውን በጠርሙስ ቀድተው ሲጨርሱ ሣሩ ላይ ከበቧት። መጀመሪያ የባልዲውን ታሪክ ነገረቻቸው፤ እየቆየች ግን ትጠይቃቸው ጀመር፤ ልጆቹም እየተሻሙ ይመልሱላት ጀመር። ሕይወት ከኋላቸው ቆማ ስታይ ያ የጋሽ ኑርዬ ግቢ ከነድምፁ መጣባት፤ ፊቷን ወደ ውኃው መለሰች።

ዘንድሮ ራዚያ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በግል ተመዝግባለች። ከሰዓት በኋላ እሷ ስታጠና ሱቁን የሚጠብቀው ዑበይዱላህ ነው፤ የልጆቹን ልብስ ልክ ግን እስካሁን እየተሳሳተ ይሸጣል።