የድኩላው እማኝ

እህቴን ፌኔትን ያገባው አጥናፉ ሲሚንቶ ይነግዳል፤ ሀብት አልጎደለበትም። የጎደለው ፉከራ ነው። በዘመድ ሠርግ ላይ ሽማግሌዎቹ እየተነሡ ሲፎክሩ አንዱ ወደ እሱ ዞሮ «አንተስ ምን ገድለህ ታውቃለህ?» ቢለው፣ አፉ ውስጥ ያለውን ጥብስ እንኳ መዋጥ አቃተው። ከዚያ ወዲህ ድኩላ ካልገደልኩ ብሎ ቤቱን አመሰው፤ የአደን ፈቃድም አወጣ። ዘመናዊ ጠመንጃማ ማንም ይተኩሳል፣ እንደ ጥንቱ በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ ካልሆነ አይቆጠርልኝም አለ። ነገሩ ገና ከጅምሩ አስጠልቶኝ ነበር። ግን «አደራ ሮሪሳ፣ አብረኸው ሂድ» ብላ የለመነችኝ ፌኔት ናት።

አቃቂ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ያላቸው ኦቦ ቢራ ናቸው። ሰፈራችን እርሻ ሳለ ከሟች አባቴ ጋር ያድኑ ነበር። ሁለት ጠመንጃ አውጥተው አልጋ ላይ አጋደሙልን። አንዱ ረጅምና ከባድ፣ ሰደፉ በሽቦ የታሰረ ነው። ሌላው አጭር ሆኖ ሰደፉ በብር ተለብጧል።

«ረጅሙን ውሰድ» አሉት። «ክብደቱ እጅህን ያረጋልሃል። አጭሩ በጣም ካልቀረብክ ይስታል። ሁለቱም አንድ ጊዜ ነው የሚተኩሱት፤ እንደገና እስክታጎርስ አውሬው አገር ይለውጣል። ስለዚህ ተጠጋ። መጠጋት ካልቻልክ ትተኸው ተመለስ።»

አጥናፉ አጭሩን አንሥቶ መስታወት ፊት ቆመ። ትከሻው ላይ አደረገው፣ ብብቱ ሥር አደረገው፣ ከዚያ ስልኩን ሰጠኝ። «ሮሬ፣ እስቲ አንሣኝ። ይሄኛው ፎቶ ላይ ያምራል።»

ክራባት የሚመርጥ ነበር የሚመስለው። ኦቦ ቢራ ወደ እኔ ዞሩ። «እማኙ አንተ ነህ» አሉኝ። እኛ ዘንድ ግዳይ ያለ እማኝ አይጸናም።

በአጥናፉ ፒክአፕ ወደ አርሲ ወጣን። መሪያችን ከሊል ድኩላውን ከጫካው ጥግ አሳየንና ወርደን በእንብርክክ እንድንጠጋ ነገረን። አጥናፉ ጭቃውን አይቶ ከፒክአፑ ላይ አልወርድም አለ። እዚያው ሆኖ ተኮሰ። ጭሱ ሲገለጥ ድኩላው ቆሟል፤ የታችኛው መንጋጋው ግን የለም። ከሊል «አጉርስ እንጂ!» ሲለው አጥናፉ ስልኩን ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ የደሙን ፈለግ ተከተልን። ምንጭ ዳር አገኘነው፤ ውሃ ሊጠጣ አጎንብሷል። በየትኛው አፉ? ከሊል በራሱ ጠመንጃ ገላገለው።

አጥናፉ በመንገድ ሙሉ ያወራል። «የመጀመሪያውን ደም ያፈሰሰ ነው ባለግዳይ። የእናንተው ሕግ አይደል? መንጋጋ ምናምን ማንም አይጠይቅህም።» ሕጉስ እውነት ነው። እውነት መሆኑን ነው ይበልጥ የተጸየፍኩት።

ቱሉ ዲምቱ፣ እነ አጥናፉ የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ለግዳዩ ድንኳን ተጣለ። አጥናፉ አዲስ ኮት ለብሶ፣ ቀንዱን ይዞ ፎከረ። በትንፋሽ ርቀት እንደጣለው ተናገረ። ኦቦ ቢራ እንደ ባለግዳይ ወግ ራሱን ሊቀቡት ቅቤ በመዳፋቸው ይዘው ተነሡና «እማኝ?» አሉ።

ፌኔት ከሴቶቹ መሀል አየችኝ። ብዋሽ የአባቴን ስም አረክሳለሁ፤ እውነቱን ብናገር የእህቴን ቤት በሰው ፊት አዋርዳለሁ። ተነሣሁ። መኪናውን፣ ጭቃውን፣ መንጋጋውን፣ ምንጩን፣ የከሊልን ጥይት፣ ሁሉንም ተናገርኩ። «የመጀመሪያውን ደም ያፈሰሰው ግን እሱ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

«ሕግ ሕግ ነው» አሉ ኦቦ ቢራ። «ደሙ የእሱ ነው።» ቅቤውን አናቱ ላይ አደረጉለት። እልል ያለ የለም። መዳፋቸው ላይ የቀረውን ቅቤ ትንሽ አዩት። ከዚያ በአጥናፉ ኮት ደረት ላይ፣ አንዴ በመዳፋቸው፣ አንዴ በአይበሉባቸው፣ ቀስ ብለው ጠረጉት።

የእጅ ውሃ ይዛ የተነሣችላቸው ፌኔት ናት።