ኤፍ ላይ ስደርስ

እኔ ክፉ አይደለሁም፤ ጥንቁቅ ነኝ። ስሜ የምስራች ቢሆንም የሆቴሉ ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ “መርማሪዋ መጣች” እንደሚባባሉ አውቃለሁ። ኮሌጅ ፓርክ፣ አትላንታ ኤርፖርት አጠገብ ባለ ሆቴል የክፍል ጽዳት ሱፐርቫይዘር ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አልጋው አንድ ጥጉ ከተጨማደደ ጥጉን አላስተካክልም። አንሶላውን ከነብርድ ልብሱ ገፍፌ “ከመጀመሪያው እንደገና” እላለሁ። ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ፊደል ስቆጥርም እንዲሁ ነበር፤ አንዲት ፊደል የሳተ ወደ “ሀ” ይመለሳል። ጆሮዬ እየተቆነጠጠም ቢሆን ተምሬበታለሁ፤ ስለዚህ ሌላ መንገድ አለ የሚለኝን ሰው አልሰማም ነበር።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ባለቤቴን ነጋን ስትሮክ መታው። ነጋ የኤርፖርት ሻትል ሾፌር ነበር፤ ወሬ የማያልቅበት፣ ሻንጣ እየጫነ እንኳ ከእንግዳው ጋር የሚከራከር ሰው። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁ ሰንፎ ነበር፤ አፉ ላይ የቀረችውም አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ “እንትን”። ውሃ ሲፈልግ እንትን። ሲያመው እንትን። እህቱ ከናዝሬት ስትደውል “እንትን፣ እንትን” ይልና ስልኩን መልሶ ይሰጠኛል። የምንለው ሁሉ ይገባዋል፤ የከፋውም ይኸው ነው። የሚለውን ሁሉ ዓይኑ ላይ አየዋለሁ፤ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ግን ያቺው እንትን ሆና ትወጣለች።

የንግግር ቴራፒስቷ ሚካኤላ ትባላለች። ወላጆቿ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ እሷ እዚሁ አትላንታ አድጋ፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የተመረቀች ልጅ ናት። ባሌን በሃምሳ ስምንት ዓመቱ “አንተ” ትለዋለች። የመጀመሪያ ቀን ደሜ ፈልቶ ነበር። አንዲት ካርድ ይዛ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳትሰለች ስትጠብቀው ሳይ ግን አንተ ማለቷን ይቅር አልኳት።

ነጋ መናገር ባይችልም መዝፈን እንደሚችል ያገኘችውም እሷ ናት። አንድ ቀን ካርዶቿን እየሰበሰበች ስታንጎራጉር አብሯት ማንጎራጎር ጀመረ።

“ዘፈንና ንግግር ብሬን ውስጥ ሴም ቦታ አይደሉም” አለችኝ። “በዘፈን ከጀመረ ቀስ ብሎ የራሱን ቃል ሊያመጣ ይችላል። ግን ስልክ ላይ ያለ ሙዚቃ አይጠብቀውም፣ ዩ ኖው፣ ጥሎት ይሄዳል። የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። ቤት ውስጥ ጊታር የሚመታ አለ?”

የሚመታው እሱ ራሱ ነበር። የጓደኞቹን ሠርግ ሁሉ ያደመቀበት ጊታር ሳሎን ጥግ ቆሟል። እኔ እንዳልዘፍንለት፣ የእኔ ድምፅ እንኳን በሽተኛ ጤነኛም ያባርራል። ስለዚህ በሃምሳ አንድ ዓመቴ ጊታር መማር ጀመርኩ። ሰው ቢስቅብኝ አይፈረድበትም፤ እኔም ስቄያለሁ።

አስተማሪዬ ኢዮሲያስ ነው፤ ሊልበርን፣ የምንኖርበት ሰፈር ያለ የጎረቤታችን ልጅ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ጊታር የሚመታ። እሑድ ከሰዓት እናቱ እየላከችው ይመጣል። እሱ ደግሞ “ጋሽ ነጋ” ካለ በኋላ “እንዴት ነህ” ብሎ ይከተላል። ጋሼነቱና አንተነቱ አንድ አፍ ውስጥ እንዴት እንደተስማሙ አላውቅም።

በሦስት ወር ኮርድ የሚባሉትን የጣት አያያዞች አወቅኋቸው፤ ኤ ማይነር፣ ሲ፣ ጂ። ጣቴ ቆስሎ፣ ደርቆ፣ ጠነከረ። ኩራቴ ለጉድ ነበር። ከዚያ ኤፍ መጣች። ኤፍ ማለት አንዲት ሌባ ጣት ስድስቱንም ክር አንድ ላይ የምትጫንበት ኮርድ ናት። በደንብ ካልተጫኑት አይዘፍንም፤ ይንሸከሸካል። የነጋ ዘፈን ደግሞ ሁለተኛው መስመር ላይ ኤፍ ይፈልጋል።

ዘፈኑን ናዝሬት ሳለን ለእኔ ነው ያወጣው፤ ቃሉ ቀላል ነው፦

ገበያው ሰው ሞልቶት፣ መተላለፊያ የለው፣
አንቺን ካየሁ ወዲያ፣ ለእኔ ባዶ ነው።

በየቀኑ ከሥራ ስገባ ፊት ለፊቱ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። እመታለሁ፣ ነጋ ይዘፍናል። እንትን የነበረው ሰውዬ “ገበያው ሰው ሞልቶት” ብሎ ፊደሉን ሳይስት ሲያወጣ የመጀመሪያ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። “መተላለፊያ የለው” ይላል። ከዚያ ኤፍ ትመጣለች፤ ትንሸከሸካለች፤ እኔ አቆማለሁ። “ይቅርታ ነጋዬ፣ ከመጀመሪያው።” እንደገና ኤፍ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። አምስት ወር ሙሉ ባሌ የገበያ መጨናነቅ ብቻ ሲነግረኝ ከረመ።

የጥር ወር ሲገባ ሚካኤላ ወደ ጎን ጠራችኝ።

“ፕላቶ ላይ ነው” አለችኝ። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት እጇን ወደ ላይ ወስዳ፣ ከዚያ ዝርግ አድርጋ አሳየችኝ። መጀመሪያ ወጣ ወጣ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ቀረ ማለት ነው። “ኢንሹራንሱ ሪፖርት ይፈልጋል። ሐሙስ ኢቫሉዌት አደርገዋለሁ። ፕሮግረስ ከሌለ ከእኔ ጋር ያለውን ሴሽን ያቆሙታል። አይም ሶ ሶሪ።”

“ይዘፍናል እኮ” አልኳት።

“አውቃለሁ። ግን የተሸመደደ ነው ይሉኛል። የራሱ ቃል ያስፈልገኛል። አንድ ነገር ይጠይቅ፣ አንድ ነገር እምቢ ይበል። አንድ እንኳ።”

ቤት እስክንደርስ ነጋ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ነበር። ከእሷ ጋር ያወራሁትን ሁሉ ሰምቶ ነበር። ሐሙስ ከቆመ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በእንትን ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ።

እሑድ ኢዮሲያስ መጣ። ነገሩን ነገርኩትና “ኤፍን ዛሬ አስተምረኝ፤ ከዛሬ ሌላ ቀን የለኝም” አልኩት።

“እስኪ እንደምትለማመጂው ተለማመጂ” አለና ስልኩን ከመደርደሪያው ላይ አቁሞ ቪዲዮ ከፈተ። ነጋ ከጎኔ ነበር። መታሁ፣ ኤፍ ተንሸከሸከች፣ ተመለስኩ። መታሁ፣ ተመለስኩ። ኢዮሲያስ ሲበቃው ቪዲዮውን ዘጋ።

“እትዬ የምስራች፣ አትቆጪኝ እሺ? በሦስት ደቂቃ ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርሽ። የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ላይክ፣ ፕሮ ነሽ። ሁለተኛውን ግን መተሽው አታውቂም።”

“ስለሚበላሽብኝ ነዋ።”

“ኖ። ስለምታቆሚ ነው። አምስት ወር የተለማመድሽው ኤፍን አይደለም፤ ኤፍ ላይ መቆምን ነው። እሱን ደግሞ በደንብ ለምደሽዋል።”

“እና ስህተቱን ተሸክሜ ልቀጥል ነው የምትለኝ?”

“ተሸክመሽው ቀጥይ። ግራ እጅሽ የፈለገውን ያበላሽ፣ ቀኝ እጅሽ አይቁም። ኤፍ መንገድ ላይ እያለሽ ትስተካከላለች። ቆመሽ አትስተካከልም።”

በልጁ ተናደድኩ። የኔታ ቢሰሙት ኖሮ ብዬ ላሳፍረው ስል ስልኩን ሰጠኝና “እይው” አለኝ። አየሁት። ጣቶቼን ለማየት ነበር ዓይኔን የወረወርኩት፤ ዓይኔ የቀረው ግን ነጋ ላይ ነው። አምስት ወር ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጣቶቼን ብቻ ሳይ ኖሬ ፊቱን አይቼው አላውቅም ለካ። “መተላለፊያ የለው” ይልና አየር ይስባል። አፉ ይከፈታል። ቀጣዩ ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሷል። ያኔ እኔ አቆማለሁ፤ አፉም ቀስ ብሎ ይዘጋል። አሥራ አራት ጊዜ ተከፈተ፣ አሥራ አራት ጊዜ ዘጋሁበት። አምስት ወር ስንት አሥራ አራት እንዳለው ለማስላት ወኔ አልነበረኝም። አግዘዋለሁ ብዬ ባሌን መንገድ ላይ አስሬ የያዝኩት እኔ ነኝ። ኢዮሲያስ እያየኝ እንደሆነ ረስቼ አለቀስኩ፤ ልጁም ደንግጦ ውሃ አመጣልኝ።

ከዚያ ሦስት ቀን ቀረኝ። ጋራዥ ውስጥ መኪናው ጎን ተቀምጬ ብቻዬን ተለማመድኩ። ኤፍ ትንሸከሸካለች፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ አልፋለሁ። ከሦስት አንዴ ተሳካልኝ። ቆሻሻ የረገጥኩ ያህል ይዘገንነኝ ነበር፤ ግን አለፍኩ። ማክሰኞ ሥራ ላይ ሀፍሳ የምትባለው አዲሷ ልጅ ያነጠፈችው አልጋ አንድ ጥጉ ተጨማዶ አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ ጥጉን ብቻ ወደ ውስጥ ሸጎጥኩና ወጣሁ። ሀፍሳ ኮሪደሩ ላይ ተከትላኝ “እትዬ፣ አሞዎት ነው እንዴ?” አለችኝ።

ረቡዕ ከሥራ እንደገባሁ ከነጋ ጋር ሞከርኩት። ኤፍ ጋ ስደርስ አፉ ሲከፈት አየሁና ደስታም ፍርሃትም ተቀላቀለብኝ። እጄ እንደ በቅሎ ቀጥ አለ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ቆምኩ። ጊታሩን ግድግዳ ላይ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም። ነጋ በደህናው እጁ ጉልበቴን መታ መታ አደረገና “እንትን” አለኝ። አይዞሽ ማለቱ ይሁን ተይው ማለቱ አላወቅሁም።

ሐሙስ ከሰዓት ሚካኤላ ክፍል ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን። ካርዶቹን አወጣች።

“ነጋ፣ እየኝ። ይሄ ምንድን ነው?” ቁልፍ ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት ቁልፍ ኪሱ ይዞ የኖረ ሾፌር ግንባሩ በላብ ወዛ። “እን… እንትን።”

“ኦኬ። ይሄስ?” ወንበር። እንትን። ኩባያ። እንትን። ሃያ ካርድ አሳየችው፤ ሃያውንም ጻፈች። ፊቷን እንዳላይባት ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች። ነጋም መሬት መሬት አየ። ያ ከሰው ሁሉ ሲከራከር የኖረ ሰው እንዲህ አንገቱን ሲደፋ ማየት አንጀቴን በላው።

“ዘፈኑን አንዴ እንሞክር” አልኳት።

“ሹር። ግን፣ ነግሬሻለሁ አይደል…”

“ነግረሽኛል።”

ጊታሩን ከቦርሳው አወጣሁ። ኤ ማይነር ያዝኩ። ነጋ ቀና አለ፤ “ገበያው ሰው ሞልቶት” አለ፤ ድምፁ ሻካራ ነው። “መተላለፊያ የለው።” ቀኝ እጅሽ አይቁም፣ ቀኝ እጅሽ አይቁም እያልኩ ለራሴ ጣቴን ጫንኩ። ኤፍ ተንሸከሸከች። ሚካኤላ በትህትና ፈገግ ስትል አየሁ። ሰው ፊት ነው፣ ተበላሽቷል፣ ያሳፍራል። ቀኝ እጄ ቆመ።

“ይቅርታ ነጋዬ፣ ከመጀመ…”

“አትቁሚ።”

ማን እንዳለው መጀመሪያ አልገባኝም። ነጋ ነው። በዜማው ነው ያለው፤ ሁለተኛው መስመር በሚነሳበት በዚያ ከፍ ባለው ድምፅ፣ “አንቺን” መባል የነበረበት ቦታ ላይ። ጊታር አልነበረም፤ እኔ አልመታሁለትም። ግራ እጁ ጭኑን እየመታ ምቱን ይዟል፤ ቅንድቡ ተኮማትሯል። ያንን ቅንድብ አውቀዋለሁ፤ መንገድ ለዘጋበት መኪና የሚያወጣው ነው።

“አትቁሚ፣ አትቁሚ” ብሎ ደገመው።

ሚካኤላ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። “ይሄ… ይሄ ዘፈኑ ውስጥ አለ?” አለችኝ በሹክሹክታ።

“የለም” አልኳት። “እኔን ነው። እየተቆጣኝ ነው።”

“የራሱ ነው” አለች። “ኦ ማይ ጋድ፣ የራሱ ነው።” ወረቀቱ ላይ በአማርኛ ፊደል መጻፍ አትችልም፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈችው።

እኔ ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ማቀፍም ፈልጌ ነበር። ነጋ ግን ጊዜ አልሰጠኝም። ግራ እጁ አሁንም ጭኑን ይመታል፤ ትጀምሪያለሽ ወይስ አትጀምሪም በሚል ዓይን ያየኛል። አሥር ወር ሙሉ ሁሉም ሰው ሲያባብለውና ሲጠብቀው ኖሮ፣ እሱ አሁን እኔን እየጠበቀ ተናዷል። እንዲህ ደስ ያለኝ ቁጣ በሕይወቴ አላጋጠመኝም።

ወደ መጀመሪያው አልተመለስኩም። እዚያው የቆምኩበት ላይ ጣቴን ጫንኩና መታሁ። ኤፍ ከእስከዛሬው ሁሉ አብልጣ ተንሸከሸከች። ነጋ አልጠበቃትም፤ አየር ስቦ “አንቺን ካየሁ ወዲያ” አለ፤ እኔም ክሩ በዕንባ አልታይ ብሎኝ በእጄ ብቻ ተከተልኩት።