ከታች ወደ ላይ የተነበበች ደብዳቤ

በቀለም ፋብሪካው ቢሮ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በአንድ ሰው እጅ ሳያልፍ አይወጣም። ሁሉም «መዝገበ ቃላት» ነው የሚለው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ደመወዝ ከፋዩም ሳይረሳው አይቀርም። የሰውየው ሙያ መስተዋድድ ነው። የትኛው የእንግሊዝኛ ስም የትኛዋን ትንሽ ቃል እንደሚያስከትል የሚያውቅ ከእሱ ሌላ የለም፤ ይህን የሚለው እንግዲህ ራሱ ነው።

አሠራርም አለው። ደብዳቤ የሚያነበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ የደብዳቤው ጉዳይ ልብ ይሰርቃል፣ ልቡ የተሰረቀ አራሚ ስህተት ያመልጠዋል ባይ ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲያርም ኖሮ፣ የትኛው ደብዳቤ ስለ ምን እንደነበር ቢጠይቁት አንዲት ነገር አይነግርዎትም።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ሊቀንስ ነው ከተባለ ወዲህ ፍርሃት ገብቶታል፤ ሚስቱ ፊት ግን እኔን ማን ይነካኛል እያለ ይፎክራል።

አንድ ቀን ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ለዋናው መሥሪያ ቤት የምትላክ ረቂቅ ይዞለት መጣ። አፍ አውጥቶ ሊነግረው ስላፈረ፣ ሰውየው ጉዳዩን ራሱ አንብቦ እንዲገነዘብ ብሎ ነው። ሰጥቶት አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

መዝገበ ቃላት ከታች ጀምሮ ወጣ ወጣ ሲል መሃል ላይ ፊቱ በራ። «ኒድ»፣ ማለትም «ማስፈለግ»፣ ከሚለው ስም ቀጥሎ «ቱ» ተጽፏል! ሰርዞ «ፎር» አለበት፤ ከዚያም ቁጭ አድርጎ የሩብ ሰዓት ትምህርት ሰጠው።

ሥራ አስኪያጁ ግራ ገብቶት፣ ሌላ የሚሉት ነገር የለም ወይ ሲል ጠየቀ። መዝገበ ቃላት ምንም የለም፣ አሁን ወርቅ የሆነች ደብዳቤ ናት አለው። ልጁም እንዴት ያለ ትልቅ ሰው ነው ብሎ እፎይ አለ።

በሁለተኛው ሳምንት መዝገበ ቃላት የስንብት ወረቀት ደረሰው። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባና ይህን ማን እንዳስወሰነበት ጠየቀ። ልጁ ያቺኑ ረቂቅ አውጥቶ ሰጠው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ጀምሮ አነበበ፤ ፋብሪካው ከእንግዲህ የእንግሊዝኛ አራሚ አያስፈልገውም ትላለች።

«ጋሼ፣ ያወቁ መስሎኝ እኮ ነው» አለ ልጁ። «መጀመሪያ እርስዎ ሳያዩት ደብቄ የላክሁትን እኮ ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት አልገባንም ብለው መልሰውት ነበር። የገባቸው እርስዎ ካረሙት በኋላ ነው።»