እሁድ ሰው የማይጭነው ሞተረኛ

ሰብስቤ ሞተረኛ ነው። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሰው በሞተር እያመላለሱ ከሚኖሩት ሁሉ እሱን የሚያህል ጫኝ የለም ይባላል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከኋላው ያላፈናጠጠው ነገር የለም፤ ነርስ ከነሻንጣዋ፣ ሰባኪ ከነድምፅ ማጉያው፣ እናት ከነመንታ ልጆቿ፣ አንድ ጊዜማ ፍየል ያቀፈ ሽማግሌ። «ቦታ የለም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እንዲህ ያለው ሰው እሁድ እሁድ ባዶ ኮርቻ ይዞ መንገድ ዳር የቆመ ሰው እያየ ያልፋል ቢሏት፣ ሚስቱ ሺታዬ እንዴት ብላ ትመን?

የነገረቻት ኛቹዎል ናት። ገበያው ውስጥ ሺታዬ ሰልባጅ ልብስ ስትሸጥ ኛቹዎል ከጎኗ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች፤ አንዷ ዞር ስትል ሌላዋ ዕቃ እየጠበቀች ዓመታት የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ኛቹዎል እሁድ ዕለት እህቷን ልትጠይቅ ጀዊ ስደተኞች ጣቢያ ሄዳ፣ ስትመለስ መኪና አጥታ አስፋልቱ ዳር ቆማ ነበር።

«ሺታዬ፣ ባልሽ እኔን አለፈኝ» አለቻት በማግስቱ፣ ዓሣዋን እየደረደረች።

«ሳያይሽ ነዋ!»

«አየኝ። እኔ እጅ አነሳሁ፣ እሱም እጅ አነሳ። ሰላም አለኝ፣ ሄደ። ኋላው ባዶ ነው። እኔን ፀሐይ ጠበሰኝ።» ትንሽ አሰብ አደረገችና ጨመረች፤ «እዚህ አገር ሞተር ባዶ አይሄድም። ባዶ ከሄደ ቦታው የሌላ ሰው ነው። ማናት?»

ቀልድ ነበር፤ ኛቹዎል ራሷ ሳቀችበት። ሺታዬ ግን አልሳቀችም። ሰብስቤ እሁድ ማታ እራት ላይ «ጀዊ ሰው አድርሼ መጣሁ» ብሏት ነበር። ሰው አድርሶ የሚመለስ ሞተረኛ ባዶውን አይመለስም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል፣ ያ ፍየልም ሳያውቅ አይቀርም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ሺታዬ እንዳትመነጠር ስትል ጥርጣሬዋን በደንብ ተያያዘችው። በሚቀጥለው እሁድ ሰብስቤ አቧራ ለብሶ ገብቶ ገላውን ሊታጠብ ሲሄድ፣ እሷ ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ካቴናው ላይ ገለባ ተጠምጥሟል። ፓራፋንጎው ሥር የደረቀው ጭቃ ውስጥም ገለባ አለ። ፈትጋ አሸተተችው። የሩዝ ገለባ ነው! ወላጆቿ በሰባዎቹ መጨረሻ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አቦቦ ነው የወለዷት፤ አልዌሮ ግድብ አጠገብ ያለውን የሩዝ እርሻ እያረመች ነው ያደገችው። ይህን ገለባ ዓይኗን ጨፍናም ትለየዋለች። ጀዊ ደግሞ ሩዝ በጆንያ ይመጣል እንጂ አይበቅልም።

«ዛሬስ የት ዋልክ?» አለችው ፎጣ እያቀበለች።

«ያው ጀዊ ነዋ፣ ሰው አድርሼ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ አለች በሆዷ። እራት አቀረበችለት፤ እሷ ግን አልበላላትም።

ቀጥላ የጠየቀችው ሷሊህን ነው። ሷሊህ ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ የሚሠራ ጎረቤታቸው ነው፤ በተፈጥሮው ሰው አያምንም፣ ደመወዝ የሚከፈለውም ለዚሁ ነው።

«ሺታዬ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባልሽ እሁድ በመጣ ቁጥር እኔ ግራ ይገባኛል። ዕቃ የያዘ ሰው ዕቃው ይፈተሻል፣ ሰው የጫነ ሰውየው ይጠየቃል። ባዶውን የሚሄደውን ምኑን ልፈትሸው? ‹የት ነው?› እለዋለሁ። ‹እዚሁ ነኝ› ይለኛል። እዚሁ የሚባል ቦታ አለ? ወላሂ፣ ሁለት ጊዜ ኮርቻውን አስነስቼ አይቻለሁ። ምንም የለም!»

«ምንም?»

«ምንም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።»

ነገሩ ሺታዬን እንቅልፍ ነሳት። ሴትዮዋን በሐሳቧ ሠራቻት፤ እርሻው ላይ የምትሠራ፣ ቀጠን ያለች፣ ሞተር ላይ ስትቀመጥ የማትከብድ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የማትሸፍን። ስም ብቻ ነው ያላወጣችላት። ቅናት መሆኑን ታውቅ ነበር፤ ቅናት ነው ብሎ ማወቅ ግን ቅናትን አያስታግስም።

እሁድ ሲደርስ «ማኅበር አለብኝ» ብላ ቀድማው ወጣች። እሷም መዋሸት ጀመረች ማለት ነው። በብብቷ ጥቅል ይዛለች፤ ሁለት ቀሚስ፣ ጋቢዋ፣ የጸሎት መጽሐፏ። ያቺን ሴት ከኋላው አፈናጦ ካየችው እዚያው አቦቦ እናቷ ቤት ትገባለች፤ ጋምቤላ አትመለስም። ቆርጣለች። በሚኒባስ አቦቦ ደርሳ፣ ወደ ግድቡ የሚታጠፈው የአቧራ መንገድ አፍ ላይ አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ቆመች። ከሰልባጁ ክምር የመረጠችውን፣ ሰብስቤ አይቶት የማያውቀውን ጥቁር ሻርፕ እስከ ዓይኗ ተከናነበች።

ድምፁን ሰማችው። የባሏን ሞተር ከሌላው ሁሉ ለይታ ታውቃለች፤ ማታ ማታ በር ላይ የምትጠብቀው ድምፅ ነው። ከአስፋልቱ ታጠፈና ወደ እሷ መጣ። እጇን አነሳች፣ ልክ መኪና እንዳጣ መንገደኛ።

ሰብስቤ ቆሞ ነበር የሚነዳው። እግር መርገጫው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሸሚዙ ከኋላው ተነፍቶ፣ አፉን ከፍቶ ይዘፍናል። ድምፁስ ድምፅ አይባልም፤ ፊቱ ግን! እንዲህ ያለ ፊት በሠርጋቸው ቀን እንኳ አላየችበትም፤ ያን ቀን ጫማ ጠቦት ነበር። ለተከናነበችው ሴት እጁን አንስቶ ሰላምታ ሰጣት፣ በትሕትና ራሱን ዝቅ አደረገላት፣ አለፋት። ባዶው መቀመጫ በፊቷ ሄደ። የገዛ ሚስቱን መንገድ ላይ ጥሏት ሄደ!

«በቃ፣ ሴት ዘንድ ነው» አለች ጮክ ብላ። ማን እንዲህ ደስ ብሎት ወደ ምንም ይሄዳል? ሲመለስ ይዟት ይመጣል ብላ ዛፉ ሥር ቁጭ አለች። ጥቅሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ማልቀስ ፈለገች፤ ንዴቱ እንባውን አስቀረባት። ሁለት ጊዜ ተነስታ ወደ እናቷ ቤት መንገድ ጀመረች፤ ሁለት ጊዜም ሳታይ መሄድ አልሆን ብሏት ተመለሰች።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ሞተሩ ተመልሶ መጣ። ሺታዬ ሻርፑን ገፍፋ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ሰብስቤ ፍሬን ያዘ፣ ተንገዳገደ፣ ቆመ። ብቻውን ነው።

«ሺታዬ? ምን ሆነሻል? እናትሽ ደህና ናቸው?»

ዞራ የኋላውን መቀመጫ አየች። አቧራ ጠግቧል፤ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ከዳር እስከ ዳር ሳይነካ ተኝቶበታል። መዳፏን አሳረፈችበትና አነሳችው። አምስት ጣቷ ታትሞ ቀረ።

«የት አወረድካት?»

«ማንን?»

«የኮርቻውን ባለቤት!»

ሰብስቤ አያት፣ ከዚያ ጥቅሏን አየ። ጋቢዋን ለየው፤ ነገሩ ገባው። ፊቱ ቀላ፣ አንገቱን ደፋ። ሺታዬ ብዙ ዋሾ ወንድ አይታለች፤ ሴት ያለችው ወንድ ይቆጣል እንጂ እንዲህ አያፍርም።

«ማንም የለችም» አለ። «ምንም የለም። ዝም ብዬ ነው የምነዳው።»

«ወዴት?»

«ወዴትም። እስከ ግድቡ። አንዳንዴ ፑኝዶ ድረስ ሄጄ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ሺታዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጀርባዬ የሰው ነው። አንዱ ይደገፈኛል፣ አንዱ ያስነጥስብኛል፣ አንዱ ‹ፍጠን› አንዱ ‹ቀስ በል› ይለኛል። እኔ የት መሄድ እንደምፈልግ የሚጠይቀኝ የለም። እሁድ ግን ጀርባዬን ነፋስ ብቻ ነው የሚነካው። ውሃው ከሩቅ ይሸተኛል። ሩዙ መሐል መንገዱ ቀጥ ይልና… ምን ልበልሽ፣ ሞተር መንዳት እንደምወድ የማውቀው ያኔ ነው።» ይህን ሲል ጠዋት ያየችው ፊት ተመልሶለት ነበር።

«ይህን ላለመናገር ነው ጀዊ ጀዊ ስትለኝ የከረምከው?»

«‹ዝም ብዬ ነዳሁ› ብልሽ ታምኚኝ ነበር?»

አታምነውም ነበር። አሁንም ቢሆን ልቧ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ይላታል፤ አቧራ ምስክር ሆኖ ያውቃል? ግድቡ ጋ አውርዷት መጥቶስ እንደሆነ?

ሰብስቤ ከሞተሩ ወረደ። «በይ ነይ፣ መሽቶብሻል፣ ቤታችን እንሂድ» ብሎ ከኪሱ ጨርቅ አወጣና የኋላውን መቀመጫ ሊጠርግላት ጎንበስ አለ። ሺታዬ ፊቱን ታየው ነበር። ጨርቁ መቀመጫው ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ጠዋት ያየችው ፊት ከላዩ ሄደ። አልተቆጣም፣ አላኮረፈም፤ በትዕግሥት፣ በፍቅርም፣ ለተሳፋሪ ቦታ የሚያዘጋጅ የሰኞ ፊቱ ተመለሰ። ያ ደስታው ከባዶው መቀመጫ እንጂ ከሴት እንዳልነበረ ያመነችው ይህን ጊዜ ነው። ሴትዮዋ ከሐሳቧ ወጥታ ሄደች።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን አመማት። ሴት ብትሆን ትጣላት፣ ትሰድባት፣ ታሸንፋት ነበር። ከባዶ ቦታ ጋር እንዴት ይጣላሉ?

«ተወው» አለችው እጁን ይዛ። «አትጥረገው።»

«እንዴ! ሚስቴን መንገድ ላይ ትቼ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ብሎ ጨርሷል። ጠዋት ጥለኸኝ አልፈህ የለ እንዴ? አሁንም እለፍ። ኛቹዎልን ግን ሌላ ጊዜ ፀሐይ ላይ እንዳትተዋት፤ የኔ ጎረቤት ናት።»

ሰብስቤ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ዓይኗን አየና ተወው። ሚኒባሱ እስኪመጣ አጠገቧ ቆሞ ጠበቀ። ወደ ጋምቤላ የሚሄደው ሲመጣ ሺታዬ ጥቅሏን ይዛ ገባች፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች።

ብዙም ሳይርቁ ሞተሩ ከኋላ መጥቶ አለፋቸው። መጀመሪያ ሰብስቤ ተቀምጦ ነበር የሚነዳው፤ ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ ተነስቶ ቆመ። አቧራው ላይ የእጇ አሻራ እንዳለ ነው።

አጠገቧ የተቀመጠችው ዘንቢል የያዘች ሴት በመስኮቱ አሻግራ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«አየሽው ይህን ሰውዬ? ከኋላው ባዶ ነው፣ ሰው ግን አይጭንም። አንድ የደበቀው ነገር ቢኖር ነው።»

«ባሌ ነው» አለች ሺታዬ።

ሴትዮዋ ዘወር ብላ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ጥቅሉንም አየች። «ባልሽ? ታዲያ ምነው ጥሎሽ ሄደ?»

ሺታዬ ጥቅሏን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሞተሩ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ነበር።

«ይሂድ» አለች። «ቤት እንገናኛለን።»