የዘገየው ማስታወቂያ

አባትየው አንደበታቸው ከተያዘ ወዲህ ውሃ ሲጠማቸው የሚጠይቁት በመናኸሪያ ድምፅ ነው።

ዕድሜ ልካቸውን የአውቶቡስ መናኸሪያ ማስታወቂያ ተናጋሪ ነበሩ። ሰው ሁሉ «ጋሽ ማይክ» ይላቸዋል፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መትቶ ንግግራቸውን ይዞ ሲሄድ፣ የቀረው ድምፃቸው መናኸሪያው በካሴት ያስቀመጠው ብቻ ሆነ። ልጃቸው ፕሮግራመር ነው። ካሴቶቹን ለምኖ አመጣና ቃላቱን አንድ በአንድ ቆርጦ በስልክ መተግበሪያ ላይ ደረደራቸው፤ በግራ ጣት ሥዕል ሲነኩ ቃሉ ይናገራል። «ውሃ» የተገኘው ጎርፍ መንገድ በዘጋበት ቀን ከተነገረ ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ጋሽ ማይክ ሲጠማቸው ቤቱ በሙሉ ያስተጋባል፣ ጎረቤትም የሚነሣ መኪና ያለ ይመስለዋል። «እወድሻለሁ» የሚል ግን ከካሴቱ ሁሉ ጠፋ፤ መናኸሪያው እንዲህ ያለ ነገር አስነግሮ አያውቅም። ሴት ልጃቸውን የሚያቆላምጧት «ክብርት ተሳፋሪ» እያሉ ነው።

ይህችው ሴት ልጅ፣ የፕሮግራመሩ ታላቅ እህት፣ በሆስፒታል የንግግር ሕክምና ባለሙያ ናት። መተግበሪያውን ለታካሚዎቿ ወሰደችው። አንዱ ድምፁን ከሠርግ ቪዲዮ፣ ሌላዋ ከድሮ የስልክ መልእክት እያስለቀሙ አንደበት የተያዘባቸው ሰዎች በየራሳቸው ድምፅ መናገር ጀመሩ። በልምምድ ክፍሏ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ የለመደው ላልለመደው በጣቱ ያሳየዋል። የግማሾቹ ስልክ የአንድ ኩባንያ፣ የግማሾቹ የሌላ ነው፤ ሥዕሎቹ ግን በሁለቱም ላይ ቦታቸው አንድ ነበር። ፕሮግራመሩ አንድ ጊዜ የተጻፈውን ለሁለቱም ዓይነት ስልክ በሚያወጣ የፕሮግራም መሣሪያ ነበር የሠራው።

አንድ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ከሁለቱ አንዱ ኩባንያ፣ ያውም የአባቱን ስልክ የሚሠራው፣ እንዲህ ባለው መሣሪያ የተሠራ መተግበሪያ ከእንግዲህ አልቀበልም ብሏል። ቀድሞ የገባውም ቢሆን ስልኩ ራሱን ሲያድስ መከፈቱን ያቆማል። ምክንያቱ «ለተጠቃሚዎቻችን ምቾት» ነው።

አጠገቡ የሚቀመጠውን ባልደረባ «ጠበቃው» ይሉታል፤ ትልቅ ኩባንያ በተነካ ቁጥር ሳይቀጠር ይሟገታል።

«ቤቱ የእነሱ ነው» አለ ጠበቃው። «አከራይህ ግድግዳዬ ላይ ምስማር አትምታ ካለህ አትመታም።»

«እኔ ያስገባሁት ምስማር አይደለም፣ አባቴን ነው።»

«እንግዲያው አባትህን በእነሱ ቋንቋ እንደገና ጻፋቸዋ።»

«ወራት ይፈጃል።»

«አንተ እኮ ፈጣን ነህ።» ይህ በዚያ ቢሮ ደንብ «አላግዝህም» ማለት ነው። ጠበቃው ወንበሩን ጠጋ አደረገ። «ወይ ደግሞ የመሣሪያውን አሻራ አጥፋና በእጄ የጻፍኩት ነው ብለህ ላክላቸው።»

«ቢደርሱብኝስ?»

«ከደጃቸው ያባርሩሃል። ሁለተኛ ምንም አታስገባም።»

ፕሮግራመሩ ለማንም አልተናገረም። በሙያው የተማረው ይህንን ነው፦ ችግር ከመፍትሔው ጋር እንጂ ለብቻው አይነገርም። መፍትሔ ሳይዝ ብልሽት የነገራቸው ቀን አለቃው «ታዲያ ምን ላድርግልህ፣ ላልቅስልህ?» ብለውታል፤ ከዚያ ወዲህ ለምዷል። ከሥራ መልስ እየተቀመጠ በኩባንያው ቋንቋ እንደ አዲስ መጻፍ ያዘ። እህቱ ስትጠይቀው «ትንሽ እድሳት ነው» አላት።

የአባቱ ስልክ ራሱን እንዳያድስ ግን በመጀመሪያው ቀን ዘግቶታል። ያኔ የሌሎቹ ስልክ ትዝ አላለውም ማለት ውሸት ነው። ትዝ ብሎታል። «ለምን?» ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ አለና ተወው። አባቱ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሲያንቀላፉ እያየ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ «ቀን አለ፣ እደርሳለሁ» ይላል።

ከአዲሱ መተግበሪያ የመጀመሪያዎቹ ገጾች እንዳለቁ ለአባቱ አስሞከረ። ጋሽ ማይክ ስልኩን ሳያዩ ጣታቸውን ሰደዱ፤ ከላይ በግራ በኩል፣ ውሃ የነበረበት።

«መንገዱ ተዘግቷል» አለ ስልኩ።

እንደገና ነኩ። እንደገና ተዘግቷል። በኩባንያው ቋንቋ ሲጻፍ ሥዕሎቹ የኩባንያውን መጠን ይይዛሉ፤ በትንሹ ተገፍተው ቦታ ተለዋውጠዋል። ጣት ይህን አያውቅም። ያን ቦታ ለመልመድ ጣቲቱ ስንት ወር ፈጅታለች። ጋሽ ማይክ ያለ ትኬት የተሳፈረ ሰው የሚያዩበትን አስተያየት ልጃቸው ላይ ጣሉ።

ተናገረ። ምን ማድረግ ይችላል? ስለ ኩባንያው፣ ስለ መሣሪያው፣ ስልኩ ሲታደስ ስለሚሆነው ሁሉ ነገራቸው። ሲጨርስ አሮጌውን ከፈተላቸው።

«መቼ» አሉ በስልኩ። ቆይተው፦ «ታወቀ»።

«ሦስት ሳምንት ሆነው።»

«ተሳፋሪዎች?»

«አልነገርኳቸውም አባዬ። መፍትሔ ሳላገኝ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ጋሽ ማይክ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በመናኸሪያው የእሳቸው ሕግ ሌላ ነበር። መኪና መዘግየቱ በታወቀበት ደቂቃ ይነገራል፤ መቼ እንደሚመጣ ባይታወቅም ይነገራል። ያወቀ ሰው መላ አያጣም፤ ዘመድ ቤት ያድራል፣ በሌላ መስመር ይሄዳል፣ ከፋም ለማም በእግሩ ይነካዋል። ያልተነገረው ግን ሻንጣው ላይ ተቀምጦ መንገድ መንገድ ያያል። በዚህ ነገር ከሁለት ሥራ አስኪያጆች ጋር ተጣልተዋል።

ዓይናቸውን ገለጡና ነኩ። «አሁን።»

«እሺ፣ የሚቀጥለው ልምምድ ላይ...»

«አሁን» አለ ስልኩ፣ በዚያው በሚያስተጋባ ድምፅ።

ያኑ ማታ ለእህቱ ደውሎ ነገራት፤ በማግስቱ ጠዋት ታካሚዎቹን ከነቤተሰባቸው ጠራች። በሩ ላይ ያዘችው።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ? ለእኔ እንኳ?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

«አልደነገጥኩም፣ ተናደድኩ እንጂ። አሁን ግባ።»

ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ማይክ ናቸው። አንድ አንድ ቃል እየነኩ፣ በመሃል ረጅም ዝምታ እየገባ፦ «ክቡራን ተሳፋሪዎች። በአንደኛው መስመር። አገልግሎት። ይቋረጣል።» ማንም አልሳቀም። ልጃቸው ከዚያ ተነሥቶ በተራ ቋንቋ አስረዳ። እየጻፍኩ ነው፣ ግን ገና ነው፣ እስከዚያ ስልካችሁ ልታደስ ቢላችሁ እሺ አትበሉት አለ።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት ስልክ ከቦርሳቸው አወጡ። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል። የአንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ባለቤት ናቸው፤ ባልየው አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

«የእኛማ ከሰኞ ጀምሮ ዝም ብሏል» አሉ። «እኔ ያበላሸሁት መስሎኝ። ስወለውለው እጄ እርጥብ ነበር። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«እርስዎ አይደሉም እትዬ» አለ ፕሮግራመሩ። «እኔ ነኝ። ቀድሜ ብነግርዎ ኖሮ አይዘጋም ነበር።»

ሴትየዋ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ሰማህ? እኔ አይደለሁም።» ልብስ ሰፊው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ያችን የምትሠራ ግራ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ደብቀዋታል።

የፕሮግራመሩ ስልክ የሌላው ኩባንያ ነው። ሁለት ጊዜ ሳያስብ ከኪሱ አወጣው። የሰው ሁሉ ድምፅ ቅጂ እህቱ ኮምፒውተር ላይ አለ፤ የልብስ ሰፊውን አውጥታ ጫነችለት። ስልኩን አዛውንቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ የእኔ ስልክ ነው አባቴ። እስኪስተካከል እርስዎ ጋር ይሁን።»

አላዩትም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ግራ እጅ ከጭን ሥር ወጣች፣ መስታወቱ ላይ ሄደች፣ በግርጌው ጥግ ቆመች፣ ነካች።

«መብራቱን አብሪልኝ እስቲ፣ መርፌው ጠፋኝ» አለ ድምፃቸው። ሚስታቸው አንድ ጊዜ ሲሰፉ በስልክ የቀረጿቸው ነው።

ጠራራ ፀሐይ በመስኮቱ ይገባል። ሴትየዋ ተነሥተው ሄደው መብራቱን አበሩ።

ተመልሰው ሲቀመጡ «ለአንተስ በምን ይደውሉልሃል?» አሉት።

«የሚደውሉልኝ አለቃዬ ብቻ ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ ልበልዎት።»

ከዚያ የቀሩት ስልካቸውን ይዘው ከበቡት። እያንዳንዱን ተቀብሎ እንዳይታደስ ዘጋው። ገና ከመሃል ሳይደርስ ሌላ የተዘጋ ተገኘ፤ የአንዲት ጡረተኛ መምህርት ነው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላ፣ የአንድ መካኒክ።

«ለእነዚህስ?» አለች እህቱ።

ሌላ ስልክ የለውም። የተዘጋውን አገላብጦ አየው። «መፍትሔ የለኝም» አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከሰው ፊት ብሎት ስለማያውቅ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

የሚያለቅስ የለም። የመካኒኩ ወንድም አንገቱን አከከና ወደ ልብስ ሰፊው ሚስት ዘንበል አለ። «እትዬ፣ ጋሼ ከምሳ በኋላ ይተኛሉ አይደል?»

«ይተኛል እንጂ። ያንኮራፋልም።»

«እንግዲያው ስልኳን ከሰዓት በኋላ ለእኛ። ቤታችን ሩቅ አይደለም፣ እኔ እመላለሳለሁ። የሥዕሎቹ ቦታ እንደሆነ አንድ ነው፣ የእኛም ጣት ያውቀዋል።»

«ድምፁስ? የእኔን ባል ድምፅ ይዘህ ሄደህ ወንድምህ አንተን መርፌ ሊጠይቅህ ነው?»

«ሁለቱንም እጭናለሁ» አለ ፕሮግራመሩ።

መምህርቷን ከማን ጋር እንደሚያጣምሯቸው ገና እየተከራከሩ ነበር። ጋሽ ማይክ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዳምጣሉ። ፕሮግራመሩ የሚቀጥለውን ስልክ ተቀበለ። እህቱ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ከሌላው ጫፍ እሷም መዝጋት ጀመረች፤ ቁጣዋ ግን ገና አልበረደም።